አቶ ዘነበ ያላዩት ሰጎን

«ቲቸር፣ ወፎቹ ብርዱን ፈርተው ተኝተዋል መሰለኝ» አለች ዋሪስ፣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ።

ሚኒባሱ የጅጅጋን አስፋልት ለቆ ወደ ጥብቁ የዱር ስፍራ በሚወስደው ኮረኮንች ላይ እየዘለለ ነበር። የታኅሣሥ ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል። የባዮሎጂ መምህርቷ ቀለምወርቅ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን የተውሶ መነጽር በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች። ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጡት ርዕሰ መምህሩ አቶ ዘነበ ዞር አሉ።

«ሰጎን እናያለን፣ እንመለሳለን፣ በቃ! ከዛሬ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናው የኳስ ቡድኑ ነው።»

«ሌሎቹስ ወፎች፣ አቶ ዘነበ?» አለች ቀለምወርቅ።

«ወፍማ ግቢያችን ሞልቶ የለም እንዴ? ቁራውን ቁጠሪ!»

ልጆቹ ሳቁ፤ ቀለምወርቅ ግን መነጽሩን መወልወሏን ተወች። ከደብረ ብርሃን ተመድባ ስትመጣ ዝውውር እስክታገኝ ቀን ትቆጥር ነበር። የዝውውሩን ነገር ያስረሳት ይህ ከተማሪዎቿ ጋር ወፍ የምታይበት ክበብ ነው። መኪና ከሌለ ደግሞ ክበቡ የለም።

በሩ ላይ የጥብቁ ስፍራ ዘበኛ ዐብዲኑር ተሳፈረ። ውኃ ካቆረው ጉድጓድ ዳር ሽመላዎች በአንድ እግራቸው ቆመው አገኟቸው።

«እነዚህ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የመጡ ናቸው» አለች ቀለምወርቅ።

«ብርድ ሸሽተው ጅጅጋ?» አለች ዋሪስ። «ተሸውደዋል!»

ሰጎን ግን የለም። ፀሐይዋ ከረር ስትል መንገዳቸው በአንዲት አሮጊት ደጃፍ አለፈ። አገሬው ሁሉ «ኤዶ ሳህራ» እያለ እንደ አክስት የሚጠራቸው ሴትዮ፣ ወተት የሞላ ዕቃ ይዘው መንገዱ መሀል ቆመዋል። ግመላቸው ወልዳለች።

«ሳንገባ ብናልፍ ስሜን ያጠፉታል» አለ ዐብዲኑር።

አቶ ዘነበና ቀለምወርቅ ተያዩ። የገና ጾም ነው።

«ጾመኞች ነን በልልኝ፤ ንቀት እንዳይመስላቸው» አሉ አቶ ዘነበ።

ዐብዲኑር በሶማሊኛ ሲነግራቸው ኤዶ ሳህራ ከት ብለው ሳቁ፤ መልሱንም እሱ ተረጎመው። «‹እኛስ መቼ ጾም ጠፍቶን! ለልጆቹ ወተት፣ ለጾመኞቹ ሻይ› ይላሉ። ትልቅ እንግዳ ደግሞ ደጅ አይቀመጥም፤ እርስዎ ይግቡ ተብለዋል።»

አቶ ዘነበ ጎንበስ ብለው ወደ ጎጆዋ ገቡ። ቀለምወርቅ ልጆቹን ልጠብቅ ብላ ደጅ ቀረች። ውኃው እስኪፈላ፣ ቅመሙ እስኪገባ፣ ስኳሩ እስኪሟሟ አንድ ቤት ተሠርቶ ያልቅ ነበር። እሷም ሰዓቱ አለፈ፣ ዛሬም እንደ ዋዛ አለቀ እያለች ትብሰለሰል ጀመር።

«ጎራዮ! ሰጎን!» ብላ ዋሪስ ጮኸች።

ሁለት ሰጎኖች ከግመሎቹ ገንዳ የተረፈውን ውኃ ሊጠጡ ዘና ብለው እየመጡ ነበር። ልጆቹ መነጽሩን ተሻሙበት፤ ቀለምወርቅ በደስታ እንባዋ መጣ። ከጎጆዋ ውስጥ መጀመሪያ «የት አለ?»፣ ቀጥሎ «ኳ!»፣ ከዚያ «ኧረ ተቃጠልኩ!» የሚል ተሰማ። አቶ ዘነበ ግንባራቸውን ከበሩ መቃን ጋር አጋጭተው፣ ሻዩን ደረታቸው ላይ ደፍተው ሲወጡ ከሰጎኖቹ የቀረው አቧራ ብቻ ነበር።

ተሰናብተው በመኪናው ሲመለሱ የአቶ ዘነበ ግንባር ላይ የዕንቁላል ያህል እብጠት ወጥቷል። እብጠቱን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና በቁጣ ፈነዱ።

«አሥራ ሁለት ልጅ አይቶ እኔ ብቻዬን ላላይ? አይሆንም! በየቅዳሜው እንመጣለን፤ እኔ እስካየው ድረስ!»

«የኳስ ቡድኑስ?» አለች ቀለምወርቅ።

«ይሩጡ! ስፖርተኛ አይደሉም እንዴ?»

ቀለምወርቅ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። በዚያች ቅጽበት በቀኝ በኩል፣ በአቶ ዘነበ መስኮት አቅጣጫ፣ ከግራሮቹ መሀል ሁለቱ ሰጎኖች ብቅ አሉ። ከመኪናው ጎን ለጎን እየሮጡ ነው። ዋሪስ አፏን ከፈተች።

ቀለምወርቅ የልጅቷን ጉልበት ቆንጠጥ አደረገችና ከሹፌሩ ጀርባ ወደ ፊት ተጠጋች።

«አቶ ዘነበ» አለች በሚያሳዝን ድምፅ፣ «እስቲ ወደዚህ ዞር ይበሉ፤ ግንባርዎን ልይልዎት።»