የዓሳው ትኩሳት

ፍሪጅ ጠጋኙ በሕይወቱ ብዙ የማይረባ ነገር ሠርቷል፤ እንዲህ አሳምሮ የሠራው የማይረባ ነገር ግን አልነበረውም።

ነገሩ የመጣው በልጁ ዓሳ ነው። ልጅቷ ሥራ አግኝታ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከተተች፣ ዓሳዋን ደግሞ አባቷ ላይ ጣለች። ወፍራም፣ ብርቱካንማ፣ ደረቱን የነፋ ዓሳ ነው። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል፤ አንድም ቃል አይወጣውም። በዚህ ጠባዩ ሚኒስትሩ ይሉታል።

እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ስልክ ላይ ማውራት አይሆንላቸውም ነበር። እሱ እንደሆነ «ደህና ነሽ?»፣ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?»፣ «ደህና» ከተባባሉ በኋላ ምላሱ ይተሳሰራል። ፍሪጅ ብትሆን ጀርባዋን ፈቶ ያያት ነበር። ሚኒስትሩ፣ እግዜር ይስጠው፣ ይህን አቃለለለት። ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ትደውላለች። «በላ? ውሃው አልደፈረሰም?» እሱም እንደ ትልቅ ሐኪም ያብራራል። ከዓሳው ወደ እሱ ወገብ፣ ከወገቡ ወደ እሷ አለቃ ክፋት ሲሻገሩ የቀዳው ሻይ ይቀዘቅዛል። ቀኑን ሙሉ የሚጠብቃት ሰዓት ይቺ ነበረች።

አንድ ቀን ግን «ሥራ ላይ ሆኜ ሁሉ አስበዋለሁ፣ አባዬ። ውሃው ተበላሽቶ ቢሞትብኝስ?» አለችው። ሌላ አባት ቢሆን «አይሞትም» ብሎ ያልፋል። እሱን ግን እጁን በላው።

ሱቁ ውስጥ ከተጣሉት ዕቃዎች ቦርድና ሽቦ ለቃቀመ። የውሃውን ሙቀት የሚለካው ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ፣ ጫፉ ብረት የሆነ ባለረጅም ሽቦ ሴንሰር ነው። እሱን ለመፈተሽ ሌላ መሣሪያ አላስፈለገውም፤ እንደ ልማዱ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ጠበቀ። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁጥሩን የምታነብለት እሷ ነበረች። «ሠላሳ ስድስት ገባ! አባዬ ጤነኛ ነው!» ብላ ትጮኻለች። «አባዬ ሳይሆን ሴንሰሩ ነው ጤነኛው» ይላታል።

የውሃውን አሲድነት የሚለካውን ግን አዲስ ገዛ። ገንዳው ውስጥ ቢነክረው፣ መሣሪያው ውሃው ኮምጣጤ ሆኗል አለ። ጠጋኙ ክው አለ። ሚኒስትሩን ወደ ባልዲ አዛወረ፣ ገንዳውን ደፋ፣ አጠበ፣ ሌላ ውሃ ሞላ። አሁንም ኮምጣጤ! ጎረቤት የምትኖረው ታላቅ እህቱ ግርግሩን ሰምታ መጣች። ሴንሰሩን ተቀብላ አገላበጠችና «ይቺ ክዳን ሳትነሳ ነው እንዴ የሚለካው?» አለችው።

ሶኬት ሳይሰኩ «ፍሪጄ ሞተ» የሚሉ ደንበኞቹ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሲስቅ ኖሯል። አሁን የሁሉም አለቃ ሆኖ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ በሞቴ ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ለማን እነግራለሁ? ለሚኒስትሩ?» አለች። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር።

እንደምንም መሣሪያው ሠራ። ውሃው ሲደፈርስ ማጣሪያውን ያስነሳል፣ ምግቡን በሰዓቱ ይበትናል፣ ቁጥሩን ሁሉ የልጅቷ ስልክ ላይ ያሳያል፤ አንድ ነገር ከተዛባ ስልኳ ይጮኻል። ልጅቷ በደስታ የምትሆነውን አጣች። «አባዬ፣ አንተኮ ጉድ ነህ! ከእንግዲህ ሳልደውል ሁሉንም አየዋለሁ ማለት ነው!» የጠጋኙ ደረት ከሚኒስትሩ ደረት በላይ ተነፋ። ምን እንዳለችው ልብ ያላለው ለዚህ ነው።

በማግስቱ አልደወለችም። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ሚኒስትሩ በጣም ደህና ነበር፤ የልጅቷ ስልክ አልጮኸም፣ የአባትየውም አልጮኸም። አልፎ አልፎ የአውራ ጣት ምስል ትልክለታለች። ለአውራ ጣት ምን ተብሎ ይመለሳል? እሱም አውራ ጣት ይልካል። ሻዩን በትኩሱ መጠጣት ጀመረ። ናፈቀችው፣ ክፉኛ ናፈቀችው።

«አንተስ አትደውልም? እጅህን ማን ያዘው?» አለችው እህቱ።

«ደውዬ ምን እላለሁ?»

«ስለ ዓሳው ንገራት።»

«ከእኔ የበለጠ እሷ ታውቃለች።»

«ማን ነግሯት?»

ጠጋኙ ዞሮ መሣሪያውን አየ። በገዛ እጁ፣ ያውም እንከን በማይወጣለት ብየዳ፣ ራሱን ከሥራ አባሯል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ገንዳው ፊት ቆመ። የሙቀቱን ሴንሰር ላጽዳው ብሎ ራሱን ዋሸ። ከውሃው አውጥቶ በፎጣ ጠረገው። እህቱ አለመኖሯን አረጋገጠና የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። ብረቱ ስለቀዘቀዘው ዘለል አለ። ሚኒስትሩ በመስታወቱ ውስጥ አፉን ከፍቶ ያየዋል።

«ምን ታያለህ?» አለው ጠጋኙ።

ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ! ምን ተፈጠረ? ሃያ የነበረው ውሃ ሠላሳ አልፏል! ፀሐይ ላይ አስቀመጥከው እንዴ?»

«እ... እያየሁት ነው። ረጋ በይ።»

«ሠላሳ አራት! ሊቀቀልብኝ ነው፣ አውጣው እንጂ!»

«መሣሪያው ይሆናላ፣ ይሄ የማይረባ...»

«ሠላሳ አምስት! ሠላሳ ስድስት...»

ድምፅዋ ዝግ እያለ ሄደ። ቁጥሩም እዚያው ቆመ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ጠጋኙ ይህን ጸጥታ ያውቀዋል፤ ደንበኛ ያልተሰካውን ሶኬት ያየ ጊዜ እንዲህ ዝም ይላል። የዛሬው ደንበኛ ግን እሱ ነው።

«አባዬ» አለች ልጅቷ።

«አቤት።»

«ክንድህን አንሳ።»

አነሳ። ሴንሰሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልጅቷ ቁጥሩ ሲወርድ እያየች ይመስላል። ከዚያ ሳቀች፤ እንዲህ ስትስቅ ከሰማ ቆይቷል። «ምንም አይደል፣ አባዬ ጤነኛ ነው» አለች።

አባዬ ሳይሆን ሴንሰሩ ነው ሊላት አፉን ከፈተ። ዘጋው። መልሶ ከፈተው። ሚኒስትሩ መስታወቱ ጋ ቀርቦ ያዳምጣል።

«ናፍቀሽኝ ነው» አለ በመጨረሻ።

ወዲያኛው ጫፍ ላይ አፍንጫ ሲጠረግ ተሰማ።

«መልሰህ ክተተው» አለች።

«እሺ፣ ውሃ ውስጥ እመልሰዋለሁ፤ ሁለተኛ አልነካውም...»

«ውሃ ውስጥ አይደለም፣ ብብትህ ውስጥ። ትንሽ ልየው።»