የተሸመደደ ዝገት

ሸዋረጋ የምታውቀው አንድ የትምህርት መንገድ ብቻ ነው፤ ሽምደዳ። ደሴ ተማሪ ሳለች መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሁሉ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ልቅም አድርጋ ትይዝና ፈተና ላይ እንዳለ ታፈስሰው ነበር። በዚሁ ዘዴ ከክፍሏ አንደኛ እየወጣች ነው ያደገችው። ታዲያ አሁን አርባውን ካጋመሰች በኋላ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ላይ ኮሌጅ ገብታ ኬሚስትሪ ስትጀምር፣ ሌላ ዘዴ ከየት ታምጣ? ሰው የለመደውን ነው የሚያደርገው።

ሥራዋ አፐር አርሊንግተን፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። መድኃኒት መስጠት ግን አትችልም፤ እሱ የነርስ ፈንታ ነው። አንዲት አሮጊት ሕመም ሲጠናባቸው እጃቸውን ይዛ «ነርሷ አሁን ትመጣለች» ከማለት ሌላ አቅም የላትም፣ ነርሷ ደግሞ ቶሎ አትመጣም። ይቺ ነገር ስንት ዓመት አንጀቷን ስታቃጥላት ኖረች። በመጨረሻ ነርሲንግ እገባለሁ ብላ ቆርጣ ተነሣች። ሒሳቡን አለፈች፣ እንግሊዝኛውንም እየተንገዳገደች አለፈች፣ የቀራት ኬሚስትሪ ብቻ ነበር። እሱን አንዴ ጀምራ አቋርጣዋለች፤ አሁን ከወደቀች ኮሌጁ ሌላ ዕድል አይሰጣትም፣ ነርሲንጉም በዚያው ቀረ ማለት ነው።

መምህሩ ሚስተር ኮልማን ይባላሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሱሪያቸውን በማንገቻ የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠን ሲያስተምሩ ነገሩን አቅልለው ነበር የጀመሩት። አንድ ነገር ከሌላ ጋር ተገናኝቶ ሦስተኛ ነገር ሲሆን፣ በግራ የገባው ሁሉ በቀኝ መውጣት አለበት፤ ከመንገድ የሚጠፋ የለም፣ ከሰማይ የሚወርድም የለም። ተማሪው ከየስሙ ፊት ቁጥር እያስገባ ግራና ቀኙን እኩል ያደርጋል፣ በቃ። ከዚያ መለማመጃ ወረቀት አደሉ፤ ጥያቄው ከፊት፣ መልሱ ከጀርባ። ሸዋረጋም የተባለውን ሁሉ ተወችና ጀርባውን ያዘች።

አሮጊቶቹን ስታጥብ፣ ሳህን ስታነሣ፣ መብራት ይዟት ስትቆም፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ልጇን ሄራንን ከሃይስኩል ስታወጣም ያው ነው። «ትምህርት እንዴት ነበር?» ትላታለች። «ፋይን» ትላለች ሄራን። ሸዋረጋም «ጎበዝ» ብላ ወደ እኩልታዋ ትመለሳለች። ይቺ ጥያቄና መልስ ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት ከገባች ጀምሮ አልተለወጠችም።

ፈተናው መጣና ጨረሰችው፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀድማ። በሚቀጥለው ትምህርት ግን ሚስተር ኮልማን የሁሉንም ወረቀት መልሰው የእሷን ያዙት። «ሚስ ሸዋረጋ፣ እርስዎ ትንሽ ይቆዩ» አሏት።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን የፈተና ወረቀቷንና ያንን መለማመጃ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ጣታቸው ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ነበር፤ ብረት ኦክስጅን አግኝቶ ሲዝግ።

«ይሄ ከጀርባ የታተመው መልስ ስሕተት ነው» አሉ። «ስተይብ የሳትኩት እኔው ነኝ። ክፍል ውስጥ ነግሬ ሁሉም አስተካክሏል። እርስዎ ግን ስሕተቱን እንዳለ ነው የጻፉት። ሰው ከራሱ አስልቶ ትክክለኛውን መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ የእኔን ስሕተት ግን እንዴት አድርጎ ያገኛል? ወረቀቱን ይዘው ነው የገቡት?»

እርማቱ በተነገረበት ቀን ሸዋረጋ ቀርታ ነበር፤ የሥራ ባልደረባዋ ስለታመመች ሺፍቷን ሸፍናላት ነበር። ይህን ለማስረዳት አፏን ከፈተች፣ ቃል ግን እምቢ አላት። በአሜሪካ ኑሮዋ ብዙ ነገር ተብላለች፤ ሌባ ተብላ ግን አታውቅም።

«በቃሌ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሁሉንም በቃሌ ነው የያዝኩት።»

ሚስተር ኮልማን ሁለቱን ወረቀቶች እንደገና አስተያዩ። እንዳላመኗት ገባት። እንግዲያውስ ብላ ዓይኗን ጨፈነችና ከአንድ ጀመረች። ሃይድሮጅኑን፣ ማግኒዥየሙን፣ አሉሚኒየሙን እያለች እየወረደች የተሳሳተውን አሥራ አንድንም ሳትነካው አልፋ እስከ መጨረሻው ሄደች፤ ከግርጌው የገጹን ቁጥር እንኳ አላስቀረችም። ዓይኗን ስትገልጥ ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ይዘዋል።

«አመንኩዎት» አሉ። «አልሰረቁም፤ ስለተናገርኩት ይቅርታ። ግን ሚስ ሸዋረጋ፣ የሚሰርቅ ሰው እንኳ ወረቀቱን አንዴ ያየዋል። እርስዎ አላዩትም።»

ከዚያም ፍርዳቸውን ሰጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቢሮ ትመጣለች። በየትኛውም ወረቀት ላይ ያላየችውን አንድ እኩልታ ይሰጧታል። ከሠራችው የፈተናው ነጥብ ይያዝላታል፣ ካልሠራችው ዜሮ ነው። ዜሮ ከሆነ ደግሞ ኮርሱ እንደማይታለፍ ሁለቱም ያውቃሉ። ሸዋረጋ ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። ጩኸት ቢሆን መናደድ ይቻላል፤ እንዲህ በለሰለሰ አነጋገር ልክህን ሲነግሩህ ግን በማን ላይ ትናደዳለህ?

እቤት ስትገባ ሄራን ጠረጴዛው ላይ ናት። ልጅቷ በዚያው ዓመት ኬሚስትሪ ትወስዳለች፣ እናትየው ግን አንድም ቀን ጠይቃት አታውቅም። እናት ልጇን ታስጠናለች እንጂ ልጅ እናቷን ታስጠናለች ወይ? ቢሆንም ሐሙስ ሐሙስ ነው። ኩራቷን ዋጠችና ወንበር ሳበች።

«ማም፣ መልሶቹን ሜሞራይዝ አደረግሻቸው?» አለች ሄራን ጉዱን ስትሰማ፤ የምትስቀው እንዳይታይባት ጸጉሯን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ ወረቀት አወጣች። «ኦኬ። ከዜሮ። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ውሃ ሲሆኑ።»

«ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» አለች ሸዋረጋ።

«ኖ። ለምን?»

«ወረቀቱ ላይ እንዲያ ነዋ።»

«ወረቀቱን እርሺው። ኦክስጅን በግራ ሁለት አለ፣ በቀኝ ግን ውሃው ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። ምን ታደርጊያለሽ?»

ሸዋረጋ አሰበች፣ አሰበችና በውሃው ውስጥ ከኦክስጅኑ እግር ሥር ትንሽዬ ሁለት ቁጥር ሸጎጠች። አሁን ግራም ሁለት፣ ቀኝም ሁለት። ደስ አላት። ሄራን ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደችና ቡናማ ጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ፣ ቁስል የሚጠረግበት።

«ውሃ አይደለም የሠራሽው። ይሄንን ነው። ትጠጪዋለሽ?»

ሸዋረጋ ጠርሙሱን ታውቀዋለች፤ በሥራ ቦታዋም አለ። ያቺ ትንሿ ሁለት ይህን ያህል ጉድ ትሠራለች ብላ አላሰበችም። «እና ለምንድን ነው የማልነካት?» ብላ ጠየቀች።

«ጀስት... አትንኪያት። ትልቁን፣ ከፊት ያለውን ብቻ ነው የምትቀይሪው።»

«ለምን?»

«ማም፣ ኢት ጀስት ኢዝ! እንዲያ ነው፣ በቃ!»

የሽምደዳ ልጅ ሽምደዳ፣ ከየት ታመጣዋለች። ደከሙና ተዉት። ሸዋረጋ አርብንም እንደዚያው ጠረጴዛው ላይ ስትታገል ዋለች፤ ትንሿን ቁጥር አልነካም ትልና ሲጨንቃት እጇ ሄዶ ይነካታል። እንግዲህ በቃ፣ ነርሲንግም ቀረ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አልጋ ላንጥፍ ብላ ሆድ ባሳት።

ቅዳሜ የአበሻ ሱቆች ወዳሉበት ሞርስ ሮድ ወረዱ። ሄራን ተምፕስ የሚሉትን የመንጃ መለማመጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ መሪው የእሷ ነው፣ ሸዋረጋ ከጎኗ ተቀምጣ በሌለ ፍሬን ላይ እግሯን ትጫናለች። በማግስቱ የማኅበር ተራዋ ስለነበር ከጋሼ ጀማነህ ሱቅ እንጀራ ልትይዝ ነው። ጋሼ ጀማነህ እንጀራው አሥር አሥር ሆኖ በፕላስቲክ ታሽጎ ከጋጋሪ ይመጣላቸዋል።

ሦስት ከረጢት ያዘችና ትንሽ የሚያንስ መሰላት፤ አራት ደግሞ ይተርፋል። «ጋሼ ጀማነህ፣ ከዚህኛው ፈተው አምስት ብቻ ይጨምሩልኝ።»

«አይሆንም፣ ሸዋዬ።»

«ምናለበት፣ አምስት እንጀራ?»

«ስሚኝ» አሉ ጋሼ ጀማነህ፣ ይቺን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰሟት ከድምፃቸው ያስታውቃል። «አሥር አድርጎ ያሸገው ጋጋሪው ነው። እኔ ውስጡን አልነካም። ከፈታሁት ሙሉ አይደለም፣ የተረፈኝንም ማን ይገዛኛል? ስንት ከረጢት እንደምትወስጂ ያንቺ ፈንታ ነው። አንድ ውሰጂ፣ መቶ ውሰጂ። ከረጢቱን ግን አንፈታም።»

ሸዋረጋ ከረጢቱን እንደያዘች ቀረች። ከኋላዋ ሰልፍ አለ፣ አንዱ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ እሷ የለችም።

«ሄራን» አለች በቀስታ። «ትንሿ ቁጥር ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነው። ትልቁ የከረጢቱ ብዛት ነው።»

ሄራን ስልኳን ዝቅ አደረገች። «ዌይት» አለች። ከዚያ ከረጢቱን አይታ፣ «የስ። ያ ነው። ለምን እንደማይነካ እኔም እስካሁን አላውቅም ነበር፣ ማም።»

ጋሼ ጀማነህ እናትና ልጅ በእንጀራ ምን እንደሚመራመሩ አልገባቸውም፤ አራተኛውን ከረጢት ደርበው ሸኟቸው። ሁለቱ ግን ከፓርኪንጉ አልወጡም። ሄራን በደረሰኙ ጀርባ እኩልታ ትጽፋለች፣ ሸዋረጋ ኦክስጅንን ሁለት ሁለት እያሸገች ትቆጥራለች። ስትሳሳት ትሰርዛለች፣ እንደገና ትጀምራለች። በሽምደዳ ዘመኗ ሰርዛ አታውቅም፤ መሰረዝ እንዲህ ልብ እንደሚያሳርፍ ማን ነግሯት!

ሐሙስ ሄራን ነድታ አደረሰቻትና መኪና ውስጥ ቀረች። ሚስተር ኮልማን ነጭ ወረቀት ገፋ አደረጉላት። ፕሮፔን፣ ያ በየጓሮው ሥጋ የሚጠበስበት ጋዝ፣ በኦክስጅን ሲቃጠል። በውስጡ ሦስት ካርቦንና ስምንት ሃይድሮጅን አለው። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው።

ዓይኗ በልማድ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ነገር ፈለገ፣ የለም። እሺ፣ ከካርቦኑ እንጀምር። ሦስት ገብቷል፣ ሦስት ይውጣ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፊት ሦስት። ሃይድሮጅኑ ስምንት ነው፣ ውሃው በየከረጢቱ ሁለት ይይዛል፤ አራት ውሃ። በቀኝ ያለውን ኦክስጅን ደመረች፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስድስት፣ ከውሃው አራት፣ አሥር። በግራ ኦክስጅን ሁለት ሁለት እየታሸገ ነው የሚመጣው። አምስት ከረጢት። ጻፈችው። እንደገና ከግራ ቆጠረች፣ ከቀኝ ቆጠረች፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

ሚስተር ኮልማን ቁጥሮቹን በጣታቸው ተከትለው አዩ። መሳቢያቸውን ከፈቱና ያንን መለማመጃ አወጡ። «አሥራ አንድን ያንብቡልኝ።»

አፏ ከእሷ ቀደመ። «አራት ብረት፣ ሁለት ኦክስጅን፣ ሁለት...» ቆመች። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። በቀኝ ያለው ዝገት በየአንዳንዱ ውስጥ ሦስት ኦክስጅን አለው፤ ሁለት ዝገት ስድስት። በግራ ግን ሁለት ከረጢት፣ አራት ብቻ። እንደገና ቆጠረች። አሁንም አራት።

«ይጎድለዋል» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። «ይሄ እኮ ኦክስጅን ይጎድለዋል።»

ስንት ጊዜ ብላዋለች! ገላ ስታጥብ ብላዋለች፣ መብራት ላይ ቆማ ብላዋለች፣ እዚሁ ሰውየው ፊት ዓይኗን ጨፍና ብላዋለች። አፈረች፣ ደግሞም ሳቋ መጣ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡባት እንባዋም ተከተለ። ሚስተር ኮልማን የራሳቸውን እስክሪብቶ ሰጧት። ከኦክስጅኑ ፊት ያለውን ሁለት ሰረዘችና ከላዩ ሦስት ጻፈች፤ ወፈር ያለ ሦስት።

«ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ የማባዛው ይሄንን ነው» አሉ። «አልፈዋል፣ ሚስ ሸዋረጋ።»

መኪናው ውስጥ ስትገባ ሄራን ሞተሩን አላስነሣችም። «እንዴት ነበር?» አለች።

«ፋይን» አለች ሸዋረጋ ቀበቶዋን እያሰረች።

«ፋይን? ዛትስ ኢት? ማም፣ እዚህ ተቀምጬ ጥፍሬን ጨርሻለሁ፣ ፋይን ብቻ? ንገሪኝ እንጂ።»

ሸዋረጋ ዘወር ብላ ልጇን አየቻት። ልጅቷ እውነትም ጥፍሯን በልታዋለች። ዓመት ሙሉ፣ ኧረ ዓመታት፣ በዚሁ መኪና ውስጥ «ፋይን» ስትባል «ጎበዝ» ብላ ያለፈችው ትዝ አላት፤ ከቃሉ ውስጥ ምን እንዳለ አንድም ቀን ቆጥራ አታውቅም።

ቀበቶዋን መልሳ ፈታች። ከፕሮፔኑ ጀምራ እስከ ወፍራሙ ሦስት ድረስ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት፣ እንባዋንም ጭምር። ሄራን ስትስቅ ቆየችና ቁልፉን ልታዞር እጇን ሰደደች።

«ቆይ» አለቻት ሸዋረጋ። «አልቸኩልም። ያንቺስ ትምህርት እንዴት ነበር?»

«ፋይን» አለች ሄራን።

ሸዋረጋ «ጎበዝ» አላለችም፤ ወደ ልጇ ዞራ ጠበቀቻት። ሄራን እጇን ከቁልፉ አነሣች።

«ኦኬ» አለች። «ግን ረጅም ነው።»