ማር የተቀባው ዓይን

"አገጭዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ፤ ግንባርዎን ወደፊት።"

"ሲስተር፣ ሁለት እርምጃ ተራራቁ ተብሏል እኮ!"

"ሁለት እርምጃ ርቄ የሰው ዓይን የማይበት ጥበብ የለኝም። ያሳርፉ!"

ፀዳለ ቦንጋ ሆስፒታል የምትሠራ የዓይን ነርስ ናት። ጭምብሏ ትንፋሿን ሽቅብ እየመለሰ የመመርመሪያውን መስታወት ጉም ቢያለብስባት፣ ጠርዙን በፕላስተር ከጉንጯ ጋር አጣብቃዋለች። መምህር ግዛቸው አገጩን አሳረፈ። ሃያ ስድስት ዓመት ዋጫ ከተማ ላይ ባዮሎጂ ሲያስተምር ያዘዘ እንጂ የታዘዘ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ቀኝ ዓይኑ ሚጥሚጣ የገባበት ያህል እያቃጠለው ነው፤ ምን ያድርግ!

ጦሱ የኮሮና ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አላስችል ቢለው፣ ጎረቤቱ ፈለቀ ዘንድ እየሄደ የንብ ቀፎ መፈልፈል ጀመረ። ፈለቀ ከልጅነቱ ጀምሮ ግንድ የፈለፈለ ሰው ነው። "ቀፎ የአንድ ሰው ሥራ ነው" ብሎት ነበር። መምህሩ ግን ሁለት ሰው ከሁለት ጫፍ ቢገባበት በግማሽ ጊዜ እንደሚያልቅ አስልቶ አሳየው። መምህር ሲናገር ማን ይከራከራል? ገና ግንዱ ሳይጋመስ ከመምህሩ መጥረቢያ የፈነጠረች ስንጥር ፈለቀ ግራ ዓይን ውስጥ ገባች። ከሦስት ቀን በኋላ መምህሩ ሥራውን ብቻዬን ልጨርስ ሲል ለራሱም ቀኝ ዓይን ሌላ ስንጥር ደረሰው።

"ሆስፒታል ብትሄድ ትኩሳትህን ለክተው ለይቶ ማቆያ ነው የሚያስገቡህ። ማር ጀርም ይገድላል፤ ሳይንስ ነው" ብሎ ፈለቀን ያስቀረውም ማሩን የቀባለትም መምህሩ ራሱ ነው። የራሱንም ቀባ። በአምስተኛው ቀን ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳው ግን "ለፈተና ወረቀት ጉዳይ ቦንጋ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ፈለቀን ዋሸውና፣ በኮሮና ምክንያት የወንበሩን ግማሽ ብቻ በሚጭን ሚኒባስ ተሳፍሮ መጣ።

ፀዳለ ቀለም የተነከረች ወረቀት ከታችኛው የዓይኑ ቆብ ነካ አድርጋ ሰማያዊውን መብራት አበራች።

"ምን አድርገውበታል?"

"ማር።"

"ማን ነው ያዘዘልዎ?"

መምህሩ አገጩን ይበልጥ ወደ መሣሪያው ገፋ።

አደንዝዛ ስንጥሯን በመርፌ ጫፍ አወጣችለት። "ቁስሉ መሃሉን አልነካም፤ ዓይንዎ ይተርፋል" አለችው። "በየሰዓቱ ጠብታ እያደረግን እዚህ ይተኛሉ። ሌላ ሦስት ቀን ቢያድር ኖሮ ግን እንዲህ አልልዎትም ነበር።"

ተመስገን! አለ በሆዱ። ወዲያው ደግሞ ቀን ቆጠረ። ለፈለቀ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው።

"ሰፈራችሁ ሌላ የተጎዳ ሰው አለ?"

"የለም" አለ ፈጠን ብሎ። ዝም አይነቅዝም።

ፀዳለ መዝገቡን ከፍታ ስሙን እየጻፈች ተነፈሰች። "አምና በዚህ ወር ይሄ ገጽ ጢም ብሎ ነበር። ዘንድሮ ከእርስዎ ጋር አምስት ሰው! ጉዳት ቀነሰ ይሉኛል። መጥረቢያው ሥራ ፈታ እንዴ? ሰው ቤቱን ዘግቶ እየታወረ ነው እንጂ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ መምህር። ይህን እርስዎ ነበሩ ማስተማር ያለብዎት።"

ሐፍረት ፊቱን አጋለው። ስልኩን አወጣና ደወለ፤ በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ነበር ያወሩት።

"ወረቀቱን አገኘህ?" አለ ፈለቀ።

"የምን ወረቀት! ሆስፒታል ነኝ። ዓይኔን ልታከም ነው የመጣሁት። አሁኑኑ ተነስና ና።"

"አንተው አይደለህ እንዴ አትሂድ ያልከኝ? ሳይንስ ነው አላልክም? አሁን የቱን ልመንህ?"

መምህሩ ሰበብ ፈለገ። ሰበብ ሞልቶታል፤ የማያውቀው አንዲት ቃል ብቻ ናት።

"ተሳስቻለሁ" አለ። "ዋሽቼሃለሁም።"

ስልኩ ተዘጋ። መልሶ ቢደውል አይነሳም። ዓይኑ ገና እንደደነዘዘ ኮቱን አነሳ።

"ወዴት ነው?" አለች ፀዳለ።

"ከዋጫ አንድ ሰው ላመጣ። በእኔ መጥረቢያ ነው የተጎዳው፤ ማሩንም የቀባሁለት እኔ ነኝ። ቅድም የለም ያልኩሽ ውሸቴን ነው።"

"በየሰዓቱ ጠብታ አልኩዎት እኮ!"

"ስጪኝ፤ መኪና ውስጥ አደርገዋለሁ። ገና አራት ሰዓት ነው፤ ሳይመሽ እንመለሳለን።"

"እምቢ ካለስ?"

"ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። እኔ ታክሜ እሱ ማር ተቀብቶ አይቀመጥም።"

ፀዳለ ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ስልኩን ተቀብላ በየሰዓቱ እንዲጮህ ሞላችለትና ጠብታውን ኪሱ ከተተችለት። መምህሩ በሩ ጋ ደርሶ ዞር አለ።

"ሲስተር፣ ከስሜ ሥር ያለው መስመር ላይ ሌላ ሰው እንዳትጽፊበት።"