ዝም ያሉት ቅሎች

ማራካስ የሚባለውን፣ ዘር ተከቶበት ሲወዘወዝ የሚንሿሿውን የሙዚቃ ቅል በአንድ ክፍል የምንሠራው እኔና የወንድሜ ሚስት ነን። አንድ የሙዚቃ ባንድ መሪ የአንዳችንን መርጦ የዓመቱን ሥራ ሊሰጥ መጣ። የእኔን አንስቶ ቢወዘውዘው አልተንሿሿም። ሁለተኛውም ዝም አለ።

"እሜቴ፣ ቅሎችሽ አኮረፉ እንዴ?" አለች የወንድሜ ሚስት።

አንዱን ሰበርኩት። አጥቤ የከተትኩትን ዘር ሳይደርቅ ስላሸግኩት ሻግቶ ተጣብቋል።

"ሳሽገው አጠገቤ ነበርሽ። እርጥብ መሆኑን አላየሽም?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"መቼ ጠየቅሽኝ?"

መሪው የእሷን ወዘወዘው፤ ጥርት ብሎ ተንሿሿ። ሥራውን ለእሷ ሰጣት።

"ከነገ ጀምሮ ዘር የምታደርቂልኝ አንቺ ነሽ" አለችኝ ፈገግ ብላ።

የሥራ ሽርጤን ፈትቼ ጭኗ ላይ ወረወርኩት።

"ወንድሜ ያድርቅልሽ።"