ስለቱን ማን አቃጠለው?

ኢንድራማን ኩኩሪውን ከፍ አድርጎ ቀርከሃው ላይ ሲያሳርፈው ነጥሮ ተመለሰ። ደገመው። አሁንም ያው። ጎባጣውን ቢላዋ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ቢያየው ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ተጣጥፏል፤ ዳር ዳሩም ሰማያዊ ሆኗል።

ወይ ጉድ! የደሳይን በዓል ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ ጓሮው ግን ገና ጫካ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ትናንት ገበያ ወርዶ በኤሌክትሪክ ሞረድ ያሳለው ራሱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ "ኩኩሪ በወንዝ ድንጋይ፣ በውኃ፣ በቀስታ ነው የሚሳል! ሞተር ያስነካው ሰው ብረቱን ገደለው!" እያለ መንደሩን ሲቆጣና ሲያሾፍ የኖረ ሰው! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይኼ ነው። ግን ምን ያድርግ? ካለፈው ክረምት ወዲህ ጣቶቹ ድንጋዩን አጥብቀው መያዝ እምቢ ብለውታል። ይህን ለማንም አልተናገረም። አርጅተሃል፣ አርፈህ ተቀመጥ እንዳይሉት ይፈራል።

ሰው ሳያየው ኩኩሪውን ሰገባው ውስጥ ከቶ ወደ ብረት ቀጥቃጩ ወደ ሃርኬ ወረደ።

ሃርኬ ስለቱን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። "ጋሼ፣ ይኼን ማን አቃጠለው?"

"ምራቴ ናታ!" አለ ኢንድራማን ዓይኑን በጨው ታጥቦ። "የዛሬ ልጆች መቼ ትዕግሥት አላቸው!"

ሃርኬ እጀታውን አውልቆ ወናፉን ነፋ። ብረቱን አግሎ፣ ቀጥቅጦ አቃናው። እንደገና ፍም እስኪመስል አጋለና እንዲጠነክር በማንቆርቆሪያ ስለቱ ላይ ብቻ ቀጭን ውኃ አፈሰሰበት። እጀታውን መልሶ እየገጠመ ሳለ ምራቲቱ ፑርኒማ ከች አለች።

"አባባ፣ ምሳ ሳይበሉ የት ጠፉ?"

"እንኳን መጣሽ!" አለ ሃርኬ። "አንቺ ልጅ፣ ይኼን የመሰለ ኩኩሪ ለሞተር ትሰጫለሽ?"

ፑርኒማ አማቷን አየች። ሽማግሌው ዓይኑን ወደ ከሰሉ መለሰ።

"አላወቅኩም ነበር፣ ጋሼ ሃርኬ። ይቅርታ" አለች ቀስ ብላ።

"አላወቅኩም? እንዲህ ያለ አዋቂ ቤትሽ ተቀምጦ! መጠየቅ ያቅታል? አፍ የለሽም?"

እሷ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። ኢንድራማን እስከ ጆሮው ጋለ። አፈረ፣ በጣም አፈረ።

"በቃ፣ ልጅቷን ተዋት!" ብሎ ጮኸ። "እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነው።"

ሃርኬ ሳቁ አመለጠው። "ጋሼ? በሞተር? እርስዎ?"

"ሳቅ፣ ሳቅ! ስንት ዓመት የሳቅኩብህን ዛሬ መልሰው።"

ፑርኒማም ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሽማግሌውም ሳይወድ ሳቀ። ደረቱ ቀለል አለው።

ሃርኬ መሳያ ድንጋዩን በውኃ አርሶ ከነኩኩሪው ዘረጋለት። "በሉ፣ የመጨረሻውን ስለት እንደ ልማድዎ እርስዎ ያውጡለት።"

ኢንድራማን እጁን አልሰነዘረም። የተቀመጠበት ግንድ ላይ ፈቀቅ ብሎ ለምራቱ ቦታ ለቀቀላት።

"ለእሷ ስጣት" አለ።