በአንድ ቀን ልዩነት የተወለዱ

በያጁ ለእህቱ ኩላሊቱን ለመስጠት ሲወስን ዓይኑን አላሸም። ወንድሟ መሆኑን ለማስረዳት ግን እግሩ እስኪነቃ ተንከራተተ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናውን ለሐሙስ ቀጥሯል። ሕጉ ኩላሊት ከሥጋ ዘመድ በቀር አይቀበልም፤ ዝምድናውም በዲጂታል መታወቂያ ካልተረጋገጠ ሆስፒታሉ አልጋ አይሰጥም። ሐሙስ ካለፈ ተራው ለሌላ ነው፤ እህቱ ደግሞ ሌላ ተራ የምትጠብቅበት አቅም አልቀራትም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ማስረጃ አይጠይቅም። ያው ሰፊ ግንባር፣ ያው የተገነጠለ የሚመስል ጆሮ። ምን ያደርጋል፣ ኮምፒዩተር ጆሮ አያይም።

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ ነው። እናታቸው ሁለቱንም የወለደችው ቤት ውስጥ ነው። ዓመቱን ታውቃለች፤ እሱ በብርድ፣ እሷ በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ሲያባራ። ቀኑን ግን አልያዘችውም፤ ምጥ ላይ ሆኖ ቀን የሚቆጥር ማን አለ? በያጁ የሥራ ፈቃድ ሲያወጣ በከተማው መሥሪያ ቤት ተመዘገበ። እዚያ የልደት ቀኑን ለማያውቅ ሰው የዓመቱን የመጨረሻ ቀን ይሰጡታል። እህቱ በሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ተመዘገበች። እዚያ ደግሞ የዓመቱን የመጀመሪያ ቀን ነው የሚሰጡት። ሁለቱ መዝገቦች ወደ አገር አቀፉ መታወቂያ ሲገለበጡ እሱ በአሮጌው ዓመት ማብቂያ፣ እሷ በማግስቱ ተወልደው ተገኙ። ሲስተሙም አንዲት እናት ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ አትወልድም ብሎ እምቢ አለ።

በሰፈሩ ጽሕፈት ቤት የኛ ደንብ ትክክል ነው፣ ከተማው ያርም አሉት። ከተማው ሄደ፤ እኛ የምናርመው መጀመሪያ ሰፈሩ ሲያርም ነው አሉት። ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ሄደና ይኸንኑ ነገራቸው፤ እነሱም በእርጋታ፣ ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰሙት ሁሉ፣ ከተማው ያርም አሉት። መንታ ናቸው በሉኝና ልገላገል ብሎ ቢለምን፣ ለመንታ የማዋለጃ ክፍል ማስረጃ ያስፈልጋል ተባለ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ! በዚያ ሰሞን ብየዳ ላይ ሆኖ እንኳ ብቻውን ሲያወራ የሥራ ባልደረቦቹ ይሰሙት ነበር።

ረቡዕ ረፋድ ላይ እናቱን ይዞ አገር አቀፉ መሥሪያ ቤት ገባ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ሰልፈኛው «ጋሽ ነገ» ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ሁለቱንም መታወቂያ ከፈተ፣ ራሱን ነቀነቀ። እኛ ከታች የመጣልንን እንቀበላለን እንጂ አንነካም፣ ሦስታችንም የየራሳችን አሠራር አለን፣ አንድ የምንሆንበት እየተጠና ነው አለ።

«አንተ ልጅ፣» አለች እናቲቱ፣ «ልጅ ምጥ ለእናቷ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር። ይሄ ዕቃህ ደግሞ መቼ እንደወለድኩ ሊነግረኝ ነው?»

ጋሽ ነገ አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ መላ ይፈልጋል። የሆነ ነገር ነካካ፣ እንደገና ነካካ፣ ከዚያ ፊቱ በራ። አባታቸው በሁለቱም መዝገብ ላይ አንድ ነው። ቀኑ የሚያስቸግረው እናታቸው አንድ ስለሆነች ብቻ ነው። የአባት ልጆች ብቻ ከሆኑ ሲስተሙ ያልፋል፣ ለሆስፒታሉም ይበቃል። ቀን ማረም አይችልም እንጂ፣ ወላጅ «የኔ አይደለም» ብሎ ሲያስታውቅ መቀበል ይችላል። እናትዬዋ ከሁለቱ አንዱን እንዳልወለደች በአውራ ጣቷ ታረጋግጥ፤ በቃ።

«የቱን?» አለች።

«የፈለጉትን፣ እማማ። ለሲስተሙ ለውጥ የለውም።»

ለእሷ ግን ለውጥ ነበረው። በያጁ የእናቱን ፊት አየና ቸኮለ፤ ካሰበችበት ተነስታ እንደምትወጣ ያውቃታል።

«እኔን አውጣኝ፣» አለ። «እሷ አልጋ ላይ ናት፤ እናት ያስፈልጋታል።»

ጋሽ ነገ ጻፈ። ስክሪኑ ላይ በበያጁ ስም ሥር «እናት፦ አልታወቀችም» የሚል መጣ። የጣት አሻራ መቀበያዋን በመስኮቱ ሥር አሾለከላቸው። እናቲቱ አውራ ጣቷን አስጠጋች፣ ነካች፣ መልሳ አነሳች። መቀበያዋ ድገሙ አለች። አሁንም ነካ አድርጋ አነሳች።

«እማዬ፣ ነገ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።»

እጇን ያዘው። እሳት የጠባበሰው ትልቅ መዳፉ የእሷን ዋጠው፤ አውራ ጣቷን የመቀበያዋ መስተዋት ላይ አኖረና አረንጓዴ እስኪበራ ድረስ ተጭኖ ያዘ። «ዝምድና ተረጋግጧል» የሚለው ጽሑፍ ወዲያው መጣ። ለሆስፒታሉም እዚያው ተላከ። ጋሽ ነገ እፎይ ብሎ እንኳን ደስ አላችሁ አላቸው።

እናቲቱ ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለችም። ከኋላዋ ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ።

«ከሐሙስ በኋላ መጥቼ ልጄን ትመልስልኛለህ፣» አለችው።

«እሱ እንኳ፣ እማማ፣» አለ ጋሽ ነገ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣ «ሰፈሩም፣ ከተማውም፣ እኛም መስማማት አለብን።»