የባርኮዱ ደብተር

ዲላ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ኃላፊነት ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ ኬሻ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራት ነው።

ባለቤቱ አብዱልአዚዝ አምና ሲስተም ገዛ። ያሠለጠነችን ሳምራ የምትባል ከዩኒቨርሲቲው የተመረቀች ልጅ ናት።

«ጋሽ ይርጉ፣ እያንዳንዱ ኬሻ ላይ ባርኮድ ይለጠፋል። እርስዎ በየጠዋቱ ስካን ያደርጋሉ፤ ቡናው የት እንዳለ ሲስተሙ ይነግርዎታል» አለችኝ።

የት እንዳለማ እኔም አውቃለሁ። 

ስቲከሩ ኬሻ ላይ አይዝም። የያዘውም በጫኞቹ ትከሻ ላይ ተለጥፎ ይወጣል። አንድ ቀን ገመቹ የሚባለው ጫኝ ወርቃ ከሚባለው አካባቢ የመጣ ቡና ባርኮድ ጀርባው ላይ እንደያዘ ምሳውን በልቶ ተመለሰ። ይሄማ ቀልድ ሆነ ብዬ ስቲከሮቹን በሙሉ ለቅሜ አንድ ወፍራም ደብተር ላይ ለጠፍኳቸው። ከእያንዳንዱ ጎን ቡናው የት እንደቆመ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ሲስተሙ የወርቃን ቡና አራተኛው ረድፍ ላይ መድቦት ነበር። እዚያ ጣሪያው ያፈሳል። ወደ ደረቁ ግድግዳ አዛወርኩትና ደብተሩ ላይ አሰፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ስካን አደርጋለሁ።

በሦስተኛው ወር ሪፖርት መጣ፤ ትክክለኛነት መቶ በመቶ። አብዱልአዚዝ አስጠራኝ። የቀጠሩኝ አባቱ ናቸው፤ እሱን በልጅነቱ የቡና ሚዛን ላይ አቁሜ መዝኜዋለሁ።

«ጋሽ ይርጉ፣ ሲስተሙ እንግዲህ ራሱን ችሏል። እርስዎ ይረፉ» አለኝ።

የደብተሩን ነገር ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከፋኝ። ከምር ከፋኝ፤ አልቅስ አልቅስ አለኝ። ሳልነግረው ወጣሁ።

የርክክቡን ዝርዝር ሲስተሙ አትሞ አወጣ፦ ቁልፍ፣ ማኅተም፣ ስካነር። ደብተር አይልም። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር አላስረክብም ብዬ በብብቴ ሸጉጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በነጋታው ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ውጭ ዶፍ ይጥላል።

«ጋሽ ይርጉ፣ የወርቃን ቡና የሚጭን መኪና ቆሟል» አለ አብዱልአዚዝ። «አራተኛው ረድፍ ባዶ ነው። ኬሻዎቹ ላይ ደግሞ አንድም ስቲከር የለም።»

«ሲስተሙ ምን ይላል?»

«አራተኛው ረድፍ ላይ ነው ይላል።»

«እንግዲያው እዚያ ነው» ብዬ ዘጋሁበት።

ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ቁርሴን እስክጨርስ እንኳ አልቆየም። ፍለጋ ሲገቡ ኬሻውን ሁሉ እያነሱ ባዶ ቦታ እንደሚጥሉት አውቃለሁ፤ ባዶ ቦታ ያለው ደግሞ የሚያፈሰው አራተኛ ረድፍ ላይ ብቻ ነው።

ደብተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ተነሳሁ። ቡናው ምን አጠፋ?